ከሆቴል አዳራሽ ወደ ማዋለጃ ክፍል፦ የቡድን ሲሙሌሽን ስልጠና መቼ ይሠራል?

አንዲት እናት ሆስፒታል ገብታ ልጇን ሳታቅፍ ሞተች የሚል ወሬ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ በወጣ ቁጥር ክርክሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ቸልተኝነት ነው፣ ይጠየቁ» ይላል። ሌላው «ጓንት በሌለበት፣ ደም በሌለበት ምን ያድርጉ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጋ እውነት አለ። በመሃል የሚረሳ ሦስተኛ ነገር ግን አለ። አንዳንዴ ባለሙያው አለ፣ መድኃኒቱም አለ፣ ዕውቀቱም አለ። ሰዎቹ ግን በዚያች ወሳኝ አሥር ደቂቃ እንደ አንድ ቡድን መሥራት ያቅታቸዋል። ማን ምን እንደሚሠራ አይለይም። አንዷ ያየችውን አትናገርም። ሌላው የታዘዘውን አይሰማም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በብዙ አገር የሚሠራበት ዘዴ የቡድን ሲሙሌሽን ስልጠና ይባላል። ቃሉ እኛም ጋ ይሰማል። ብዙ ሰው ግን ሲሰማው ወይ ውድ አሻንጉሊት መግዛት፣ ወይ ሌላ የአበል ስልጠና ይመስለዋል። ሐዋሳ ላይ ይህ ጥርጣሬ ከመሬት አልተነሳም። ከተማዋ ከአዳማና ከቢሾፍቱ ጋር የአገሪቱ የስልጠና ከተማ ናት። ከሐይቁ ዳር ሆቴሎች በአንዱ የስልጠና ባነር ያልተሰቀለበት ሳምንት ማግኘት ይከብዳል። እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ «ሪፈራል» የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከአጎራባች የኦሮሚያ ዞኖችና ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የተላኩ ታካሚዎች የሚመጡት ወደዚያ ነው። በሆቴሉ አዳራሽ የተማሩት ነገር በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ይገኛል ወይ? የጽሑፉ ጥያቄ ይሄ ነው።

ሲሙሌሽን ስንል

ሲሙሌሽን ማለት እውነተኛውን ሁኔታ አስመስሎ መለማመድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች አዲስ አበባ ባለው ማሰልጠኛ ውስጥ፣ መሬት ላይ ሆኖ እንደ አውሮፕላን በሚንቀሳቀስ መሣሪያ ይለማመዳሉ። ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚያደርጉ የሚማሩት እዚያ ነው። እውነተኛው ሞተር እስኪጠፋ አይጠበቅም። በሕክምናም ሐሳቡ ያው ነው።

በሕክምና ትምህርት ቤቶች «ስኪል ላብ» የሚባለው ክፍል አዲስ አይደለም። ተማሪው በፕላስቲክ ክንድ ላይ መርፌ መውጋት፣ በአሻንጉሊት ደረት ላይ ልብ መጫን ይማርበታል። በሰው አምሳል የተሠራው ይህ አሻንጉሊት ማኒኪን ይባላል። በዓለም በስፋት ከታወቁት የመጀመሪያዋ «ሪሰሲ አን» ናት። ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት አምራች ኦስሙንድ ሌርዳል እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ያወጣት።

የቡድን ሲሙሌሽን ከዚህ ይለያል። ስኪል ላብ «አንተ ይህን መሥራት ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የቡድን ሲሙሌሽን ደግሞ «አብራችሁ ስትሆኑስ?» ይላል። አዋላጇ፣ ነርሷ፣ ኢንተርኑ (በሆስፒታል ልምምድ ላይ ያለው የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ)፣ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ ደም ባንክ የሚሮጠው ፖርተር ሳይቀር አብረው ይገባሉ። እያንዳንዳቸው በየግላቸው ጎበዝ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ላይ ሲቆሙ ግን አንዱ የሌላውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ቃል ይቀረናል፤ ዲብሪፊንግ። ከልምምዱ በኋላ ቁጭ ብሎ «ምን ሆነ? ለምን እንዲያ አደረግን?» እየተባባሉ መነጋገር ማለት ነው። ብዙ ሰው ዋናው ነገር ልምምዱ ይመስለዋል። ትምህርቱ በአብዛኛው የሚገኘው ግን ከውይይቱ ነው። ልምምዱ 10 ደቂቃ ወስዶ ውይይቱ 20 ደቂቃ ቢወስድ ጊዜ አባከኑ አይባልም።

ሐሳቡ ከአብራሪዎች ለምን ተወሰደ?

እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ሁለቱም አውሮፕላኖች አልተበላሹም ነበር። ጉም ወርዷል። የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም ካፒቴን ለመነሳት ቸኩሏል። የበረራ መሐንዲሱ ሬዲዮ ላይ የሰማው ነገር ስላሳሰበው፣ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ወጥቷል የሚል መልስ ሰጠው። መሐንዲሱ ደግሞ አልጠየቀም። ካፒቴኑ በኩባንያው ከፍተኛ ከሚባሉት አሰልጣኞች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለን ሰው ሁለት ጊዜ ማን ይጠይቃል?

ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ናሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ጉባኤ ጠራ። በ1981 ደግሞ ዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በቡድን ሥራ ማሰልጠን ጀመረ። ትኩረቱ ስለ ማብረር ችሎታ አልነበረም። ረዳቱ አለቃውን እንዴት ይጠይቃል፣ አለቃውስ እንዴት ይሰማል የሚለው ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማደንዘዣ ሐኪሙ ዴቪድ ጋባ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አመጡት።

ሆስፒታል ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እንደሚደርስ በግልጽ ያሳየው አንድ የእንግሊዝ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንዲት ጤነኛ የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የአፍንጫ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ገባች። ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ የአየር ቧንቧዋ ተዘጋ። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ቱቦውን በአፏ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ። ሰዓቱ ነጎደ። አንዷ ነርስ አንገት ላይ ቀዳዳ ለማውጣት የሚያገለግለውን ዕቃ አምጥታ መኖሩን ተናገረች። ሌላዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደውላ አልጋ አስያዘች። ሐኪሞቹ ግን ነገር እንዳጋነነች አድርገው ሲያዩዋት አልጋውን ሰረዘች። እናትየዋ ከ13 ቀን በኋላ አረፈች። ባለቤቷ አብራሪ ነበር። ማንም እንዲቀጣ አልጠየቀም። የጠየቀው፣ መደረግ ያለበትን የሚያውቁ ሰዎች ክፍሉ ውስጥ እያሉ ለምን ድምፃቸው አልተሰማም የሚለውን ነው። የእሱ ጥያቄ በአገሩ የሕክምና ቡድን ስልጠናን ብዙ ገፍቶታል።

ይህ ታሪክ እኛ ጋ ሲመጣ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ይሉኝታ አለ። ታላቅን ማክበር አለ። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት ይዘን ያደግን ሰዎች ነን። ከአንድ ዓመት በፊት የተመረቀች ነርስ ስፔሻሊስቱን በሰው ፊት «ዶክተር፣ ቆይ» ማለት አለባት። አክብሮት መጥፎ አይደለም፣ ይጥፋም የሚል የለም። ጥያቄው አክብሮቱን ሳትጥል አደጋውን የምትናገርበት ቃል አላት ወይ ነው። ቃሉ ደግሞ በጭንቅ ሰዓት በድንገት አይመጣም። አስቀድሞ አፍ ላይ መለመድ አለበት።

«ይምጣ» የተባለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከውጭ የተቀዱ የስልጠና ሰነዶች ስለ ቋንቋችን አይነግሩንም።

በጭንቅ ሰዓት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የሚሰሙት ትእዛዞች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ናቸው፦ «ደም ይምጣ!» «ካቴተር ይግባላት!» «ሲኒየር ይጠራ!» ሰዋስዋቸው ትክክል ነው፣ ትሕትናም አላቸው። ግን ባለቤት የላቸውም። አምስት ሰው ይሰማል፤ አምስቱም ሌላው የሚሄድ ይመስለዋል። ከሦስት ደቂቃ በኋላ «ደሙስ?» ሲባል ሁሉም ይተያያል። ማንም ሰነፍ አልነበረም።

ለዚህ ያለው መድኃኒት በሙያው የተዘጋ ቀለበት ንግግር ይባላል። ትእዛዙ ስም ይጠራል፣ ተቀባዩ ይደግመዋል፣ ሲጨርስ መጨረሱን ይናገራል። ኦክሲቶሲን የሚባለውን ማህፀን የሚያጠነክር መድኃኒት ለማዘዝ እንዲህ ይባላል፦ «ሲስተር አስቴር፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ስጪ።» «ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ እየሰጠሁ ነው።» «ሰጥቻለሁ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20።» ወረቀት ላይ ሲነበብ ልጅ የሚጫወት ይመስላል። ደም ሲፈስ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሁለተኛው የስልክ ጥሪ ነው። ለሲኒየር፣ ማለትም ለበላይ ሐኪሙ፣ ሲደወል የተለመደው እንዲህ ነው፦ «ዶክተር ይቅርታ፣ ያቺ ሌሊት የወለደችው እናት ትንሽ ደስ አላለችኝም፣ ቢያዩልኝ…» ከእንቅልፉ የተነሳ ሐኪም ከዚህ ምን ይረዳል? በሙያው ኤስባር የሚባለው ዘዴ ከአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች የተወሰደ ነው። አራት ነገር በቅደም ተከተል ይናገራል፤ አሁን ምን ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ከእርስዎ ምን እፈልጋለሁ። እንዲህ ይሆናል፦ «ዶክተር፣ ከማዋለጃ ክፍል ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የወለደች እናት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው። አራተኛ ልጇ ነው፣ ኦክሲቶሲን ወስዳለች። ግፊቷ 80 በ50 ነው፣ ማህፀኗ አልጠነከረም። አሁኑኑ እንዲመጡ እፈልጋለሁ።» አንቱታው አለ፣ ክብሩም አለ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ልመና አይደለም።

ሐዋሳ ላይ ሌላ ሽፋን ይጨመራል። እናቲቱ የምትናገረው ሲዳምኛ ሊሆን ይችላል። አስታማሚዋ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስረዳሉ። ካርዱ ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ መረጃ ከታካሚዋ አፍ ተነስቶ ሐኪሙ ጆሮ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቋንቋ ሊያቋርጥ ይችላል። «ራሴን ያዞረኛል» ያለችው ነገር በየድልድዩ ላይ ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠባል። ልምምዱ በሠራተኛው በሚነገረው ቋንቋ ካልተሠራ ይህ ቀዳዳ አይታይም። በእንግሊዝኛ ስላይድ የተሰጠ የተግባቦት ስልጠና ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ይሄ ነው።

ልምምዱ ምን ይመስላል?

አንድ ጠዋት እናስብ። የሌሊት ዱቲ የሚወጣበትና የቀኑ የሚገባበት የርክክብ ሰዓት ነው። ሁለቱም ቡድን አለ። አንዷ አዋላጅ ሆዷ ላይ የማዋለጃ ሞዴል ታስራለች። ለዚህ ተብሎ የተሠራ «ማማ ናታሊ» የሚባል ሞዴል አለ። በውስጡ የአሻንጉሊት ሕፃን፣ የእንግዴ ልጅና ቀይ ፈሳሽ የሚይዝ ከረጢት አለው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የታሰረችው አዋላጅ እናት ሆና ታምጣለች፣ ትጮኻለች፣ ትፈራለች። ይሄ ራሱ ትምህርት ነው። ቡድኑ ደሙን ብቻ ሳይሆን የፈራችውን ሴት ማነጋገር አለበት። እናት ሆና የተኛችውም አዋላጅ ከአልጋው ላይ ሆኖ መታየት ምን እንደሚመስል ትቀምሰዋለች።

ከመጀመሩ በፊት አስተባባሪዋ ሁለት ነገር ትናገራለች። እዚህ የሆነው እዚህ ይቀራል። ለደረጃ እድገት ወይም ለቅጣት አይውልም። ይህ ቃል ከታጠፈ ልምምዱ ያኔውኑ ያበቃለታል።

ሕፃኑ ተወለደ። ቀዩ ፈሳሽ መውረድ ይጀምራል። ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ደም ሥር መክፈት፣ ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ሲኒየር መጥራት። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ፈተና ቢሰጣቸው ይጽፉታል። ችግሩ የሚመጣው ሲሠራ ነው። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሌሊት የነበረችው ሲስተር ኪስ ውስጥ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደሩ አለ፣ መክፈቻው ግን የለም። የደም ባንኩ ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ግን ቁጥሩ ተቀይሯል።

ልምምዱን እዚያው በሥራ ቦታ ማድረግ ከስልጠናም በላይ ፍተሻ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተቆለፈ ቁም ሣጥን የለም። እዚያ መድኃኒቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሰልጣኙ በሌለ ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ተምሮ ይመለሳል።

ማስረጃው ምን ይላል?

በጣም የሚጠቅመን ማስረጃ ከሩቅ አልመጣም። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር ሃይዶም የሚባል ሆስፒታል አለ። እዚያ ሠራተኞች አዲስ የተወለደ ሕፃን እንዲተነፍስ የመርዳት የአንድ ቀን ስልጠና ወሰዱ። ስልጠናው እ.ኤ.አ. በ2010 በይፋ የተጀመረና «ወርቃማዋ ደቂቃ» በሚለው ሐሳቡ የሚታወቅ ነው። ያልተነፈሰ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አየር ማግኘት አለበት ማለት ነው። ከስልጠናው በኋላ ሠራተኞቹ በማኒኪን ላይ ሲፈተኑ በጣም ተሻሽለው ተገኙ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በእውነተኛ ሕፃናት ላይ የሚሠሩት ግን አልተለወጠም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ።

ተመራማሪዎቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ አሠራሩን ቀየሩ። ማኒኪኑን ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጡት። ሠራተኛው በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ እዚያው እንዲለማመድ አደረጉ። የተወለዱ ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱበት መጠን ከ1,000 ሕፃናት ከ11.1 ወደ 7.2 ወረደ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ሆስፒታሉ ያው ነው፣ ትምህርቱም ያው ነው። የተለወጠው ቦታውና ድግግሞሹ ነው። ስለ ስልጠና በጀት የሚወስን ሰው ሌላ ምንም ባያነብ እነዚህን ሁለት ጥናቶች ጎን ለጎን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ይኸው አካሄድ ሰፍቶ በታንዛኒያ አምስት ክልሎች በ30 የጤና ተቋማት ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው ውጤት በወሊድ ዙሪያ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት ከ1,000 ወሊድ ከ15.3 ወደ 12.5 መውረዱን ያሳያል። በ2023 የታተመው «ኢ-ሞቲቭ» የተባለ ጥናት ደግሞ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በ80 ሆስፒታሎች የተደረገ ነው። የፈሰሰውን ደም በሚለካ ፕላስቲክ መያዝ፣ ሕክምናዎቹን ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ላይ መጀመርና ቡድኑን በሲሙሌሽን ማሰልጠን ተጣመሩ። ከባድ የደም መፍሰስና ተያያዥ አደጋዎች በ60 በመቶ ቀነሱ። ይህ ሁሉ የሲሙሌሽን ውጤት ነው ማለት ግን አይቻልም። የመለኪያው ፕላስቲክና የሕክምና ቅንጅቱ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ከቀዶ ሕክምና ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሲሞከር ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፣ ዓለምም ተደሰተ። በ2014 ግን በካናዳ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩን ከጀመሩ በኋላ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በአንጻሩ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሠራተኞቹ በቡድን ሥራ በሰለጠኑባቸው 74 ተቋማት የቀዶ ሕክምና ሞት በዓመት በ18 በመቶ ሲቀንስ፣ ገና ባልሰለጠኑት 34 ተቋማት የቀነሰው በ7 በመቶ ነበር። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የማነብባቸው እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግና እርስ በርስ መነጋገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሌላ በኩል ተጠራጣሪዎች የሚያነሱት ትክክለኛ ነጥብ አለ። ስለ ሲሙሌሽን ከተጻፉት ጥናቶች ብዙዎቹ የሚለኩት ሰልጣኙ መደሰቱን ወይም ከስልጠናው ማግስት ፈተና ማለፉን ነው። ታካሚው ዳነ ወይ ብለው የሚከታተሉት ጥቂቶቹ ናቸው። የሃይዶም ታሪክም የነገረን በማኒኪን ላይ መጎበዝ ዋስትና እንደማይሆን ነው።

ማኒኪን የማይፈልገው ግማሽ

ስለ ሲሙሌሽን ሲወራ ቀዶ ሕክምናና ማዋለጃ ብቻ ይነሳል። የማህበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ይረሳሉ። የሶሻል ወርከሯ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ፣ የፖሊስ መርማሪዋ ስማቸው አይጠራም። የቡድን ሥራ በጣም የሚሰበረው ግን በመሥሪያ ቤቶች መካከል ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ከተማዋ ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንዷ ከምሽት ፈረቃ ስትመለስ ተደፍራ ድንገተኛ ክፍል መጣች እንበል። በሩ ላይ ጥበቃው «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል። ካርድ ክፍል ይጠይቃታል። ነርሷ ትጠይቃታለች። ኢንተርኑ ይጠይቃታል። ፖሊስ ይጠይቃታል። በመጨረሻ ሶሻል ወርከሯ ከመጀመሪያው እንድትነግራት ትጠይቃታለች። ያንን ሌሊት ስንት ጊዜ ደግማ ኖረችው? ሰዓቱም ይሄዳል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲጀመር ደግሞ የተሻለ ነው። የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ጊዜ አለው። ከተደጋገመው ጥያቄ ሸሽታ ብትወጣ ሁለቱም ያመልጧታል።

ይህን ለመለማመድ ማኒኪን አያስፈልግም። የተዘጋጀች አንዲት ተዋናይና ስድስቱ ሠራተኞች ይበቃሉ። ከበሩ እስከ መጨረሻው ክፍል አብረዋት ይሄዳሉ። ከዚያ ተዋናይዋ «ሦስተኛው ሰው ሲጠይቀኝ ለመሄድ አሰብኩ» ትላቸዋለች። ይሄን ከታካሚዋ አንደበት መስማት ከየትኛውም መመሪያ በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ስትሮክ የመታቸው፣ ቤት ውስጥ የሚያነሳቸው ሰው የሌላቸው አዛውንት ከሆስፒታል ሲወጡም ያው ነው። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሷል። ቀበሌው ገና አልሰማም። በመሃል ያለው ሰው ማን ነው?

ተቃውሞዎቹን እንስማ

በጣም የሚሰማው «ጓንት ሳይኖር አሻንጉሊት?» የሚለው ነው። ከባድ ጥያቄ ነው። የሌለን ደም ልምምድ አይፈጥረውም። ቢሆንም በሥራ ቦታ የሚደረግ ልምምድ ምን እንደጎደለ ከነቀኑ ይመዘግባል፤ ይህ ዕቃ ለሚጠይቅ የክፍል ኃላፊ ጥሩ ማስረጃ ነው። ችግሩ ዝርዝሩ ተጽፎ ማንም ሳይመልስለት ሲቀር ነው። ሦስት ጊዜ «መክፈቻ የለም» ብሎ የጻፈ ቡድን አራተኛ ጊዜ አይለማመድም።

ሁለተኛው የሠራተኛው ድካምና ኑሮ ነው። የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2025 በአገር ደረጃ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረን ሰው «ትንሽ ቆይ፣ እንለማመድ» ማለት ቀላል አይደለም። ስልጠና ለደመወዝ ምትክ ሆኖ ከቀረበ ስድብ ነው። ልምምዱ ከሥራ ሰዓት ውስጥ መቆረጥ አለበት፤ ከእንቅልፍ ላይ መቆረጥ የለበትም።

«ቲያትር ነው፣ ሰው ስለሚያየኝ እደነግጣለሁ» የሚሉም አሉ። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔውም ያ የምስጢር ቃል ነው። ስህተት በተገኘ ቁጥር ግለሰብ የሚፈለግበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም በፈቃዱ ሲሳሳት አይታይም። ተራ የሚመስል የደህንነት ነገርም አለ፤ የልምምድ መድኃኒቶች «የልምምድ» ተብለው ካልተጻፈባቸው ከእውነተኛው ጋር ሊቀላቀሉ ይችላሉ።

የአበሉ ጥያቄ

በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያው ወር ከ1,000 ሕፃናት 33ቱ ይሞቱ ነበር። በእነዚሁ ሦስት ዓመታት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ26 ወደ 48 በመቶ አድገዋል። ሕዝቡ «ጤና ተቋም ውለዱ» ሲባል ሰምቷል፣ መጥቷል። እንግዲህ ክብደቱ በሩን ካለፈች በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

ታዲያ ልምምዱ ለምን አዳራሽ ውስጥ ይቀራል? መልሱ ገንዘብ የሚከፈልበት መንገድ ውስጥ ነው። ለጋሽ ድርጅት ሪፖርት የሚያደርገው የሰለጠነ ሰው ብዛት ነው። አምስት ቀን፣ 30 ሰው፣ የተፈረመ የተሳታፊ ዝርዝር። ይህ ለመቁጠር ይመቻል። ለሰልጣኙም አበሉ ጠባብ ደመወዝ ላይ የሚጨመር ነው፤ በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። ግን ከአንድ ክፍል አንድ ሰው ተመርጦ ይሄዳል። ቡድኑ አይሄድም። የሄደው ሰው ሲመለስ የተማረውን ቋንቋ ብቻውን ይናገራል። ከስድስት ወር በኋላ ዝውውር ያገኛል። ኢንተርንና ሬዚደንቶችም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞች) በየጊዜው ክፍል ይቀያይራሉ። ቡድኑ በየወሩ የሚታደስ ከሆነ በዓመት አንዴ የሚሰጥ ስልጠና ምን ያህል ይቆያል?

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰድ አለበት። በባለሙያው አፍ ሲፒዲ የሚባለው ነው። በማዋለጃ ክፍል በየሳምንቱ የሚደረግ የ15 ደቂቃ ልምምድ በዚህ ነጥብ ውስጥ በግልጽ ቢቆጠር፣ ከሆቴል በጀት ጥቂቱ ለክፍሉ አስተባባሪ አበል ቢሆን፣ ነገሩ ዛሬ ባለው ሰውና ባለው ዕቃ ይጀመራል። ሞዴሉ ባይገኝ እንኳ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ፣ ጨርቅና አንዲት ፈቃደኛ አዋላጅ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃሉ።

ልምምዱ በተጀመረበት ክፍል ውስጥ ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ሰርተፍኬት መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ተራ የመስመር ደብተር በቂ ነው። ቀኑ፣ የተለማመዱት ጉዳይ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት እስኪሰጥ ያለፈው ደቂቃ፣ የጎደለው ዕቃ፣ ያሟላው ሰው ስም ይጻፍበታል። ክፍሉን የሚጎበኝ ኃላፊ መጀመሪያ ሊከፍተው የሚገባው ይህን ደብተር ነው። የሌሊት ዱቲ ሠራተኞች ስምም ውስጡ መኖሩን ይመልከት፤ ደም የሚፈሳት እናት ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ትመጣለች።